ዲመሬጅ የሚቆጠረው በኮንቴይነር ላይ ብቻ አይደለም

ጅቡቲ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ያለው ነጋዴ እንቅልፍ የለውም። ነፃው ቀን ካለፈ በኋላ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ሂሳብ እንደሚጨመርበት ስለሚያውቅ ትራንዚተሩን በስልክ ሲያዋክብ ይውላል። ይህን ለመርካቶ ሰው ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። የዚህ ጸሐፊ ጥያቄ ሌላ ነው። ያው ነጋዴ ውጭ አገር ለወለደው ልጁ ሰነድ ሲሆን ለምን እንዲህ አይዋከብም?

ጉዳዩን ያነሳሁት ከአንድ የማውቃቸው አስመጪ ገጠመኝ ተነስቼ ነው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ልብስና ጫማ ያስመጣሉ። ባለቤታቸው ዱባይ፣ ደይራ ሰፈር ሆነው ዕቃ ይመርጣሉ፣ ያስጭናሉ፤ እርሳቸው እዚህ ይረከባሉ፣ ያከፋፍላሉ። እንዲህ እየተጋገዙ ሲሠሩ እዚያው ሴት ልጅ ወለዱ። ሐሳባቸው ሕፃኗ ፓስፖርቷን ይዛ መጥታ በ80 ቀኗ አዲስ አበባ ላይ ክርስትና እንድትነሳ ነበር። አያትም ጌሾውን ገዝተው፣ ዘመድ ጠርተው ይጠባበቁ ነበር።

የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ግን የወላጆች የጋብቻ ምስክር ወረቀት ተጠየቀ። ወረቀቱ አለ፤ ያለው ግን አዲስ አበባ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አልተተረጎመም፣ አልተረጋገጠም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ማህተም፣ አዲስ አበባ የሚገኘውን የኤምሬትስ ኤምባሲ ማረጋገጫ፣ ከዚያም እዚያው ዱባይ ሌላ ማህተም ይፈልጋል። አባት በዚያ ሰሞን የእንቁጣጣሽ ዕቃ ላይ ስለነበሩ “ይደርሳል” ብለው ከወር በላይ አሳለፉ። የልደት ወረቀቱ ከሌለ የፓስፖርት ጥያቄ አይቀርብም፤ ፓስፖርቱ ከሌለ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ አይታሰብም።

በኤምሬትስ ደንብ የውጭ ዜጋ የሆነ ወላጅ ለተወለደ ልጁ በ120 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ቀኑ ካለፈ ቅጣቱ በየዕለቱ ይቆጠራል፤ ሂሳቡ ሳይዘጋም ሕፃኑ ከአገር አይወጣም። ከዲመሬጅ በምን ይለያል? የሕፃኗ ፓስፖርት የደረሰው 120ው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ክርስትናውም ቀረ፤ የተጠነሰሰው ጠላ ለጎረቤት ሆነ።

“ጋሼ፣ ቀኑን አልቆጠሩትም ነበር?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“አንተ ልጅ፣ የኮንቴይነሩን ቀን ነበር የምቆጥረው” አሉኝ። “ቅጣቱስ ቅጣት ነው፣ ይከፈላል። ሚስቴ ከቢሮ ቢሮ ስትዞር ዕቃውን ሌላ ሰው መረጠልኝ። ከመጣው ጫማ ግማሹ 44 እና 45 ቁጥር ነው። በዓሉ አለፈ፣ ጫማው አለ።”

ኢኮኖሚክስ ስንማር የታለፈ ዕድል ዋጋ የሚባል ነገር ነበር። ከኪስ የወጣው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ ያ ጊዜ ሌላ ቦታ ቢውል ያስገኝ የነበረው ጥቅም ጭምር ወጪ ነው ይላል። የአስመጪው 44 ቁጥር ጫማ ከመማሪያ መጽሐፉ የተሻለ ምሳሌ ነው።

የነገሩ ሥር ምን እንደሆነ እንይ። ኤምሬትስ ውስጥ ስለተወለደ ብቻ የውጭ ሰው ልጅ የአገሩን ዜግነት አያገኝም። ቻይናም እንዲሁ ነው። ጓንዡ ዕቃ እየገዙ የሚኖሩ ጥንዶች ልጅ ቢወልዱ፣ በአገሩ የመግቢያና መውጫ ሕግ መሠረት በ60 ቀን ውስጥ ሕፃኑን ማስመዝገብ አለባቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ዜግነት የወላጆቹ ብቻ ነው። የእኛ ሕግ በዚህ በኩል ለጋስ ነው። ሕገ መንግሥቱም ሆነ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996፣ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ የትም ይወለድ የት ኢትዮጵያዊ ነው ይላሉ። እናት ብቻ ኢትዮጵያዊት ብትሆንም ያው ነው። ዜግነቱ በሕግ አለ። ይህን በድንበር ላይ የሚያስረዳው ግን ፓስፖርቱ ነው።

አንዳንድ ጉዳይ አስፈጻሚዎች “ሊሴ ፓሴ አውጥተህ አምጣት” ብለው ይመክራሉ። ለአስመጪውም ተመክረው ነበር። ሊሴ ፓሴ ወደ አገር ቤት ለመግባት ያገለግላል፤ ተመልሶ ለመሄድ ግን ያው ፓስፖርት ያስፈልጋል። ሚስት ሱቋን ዱባይ ትታ ከሕፃኗ ጋር አዲስ አበባ ልትታገድ ነው ማለት ነው። ለጊዜው መንገድ የከፈተ ምክር ሁሉ ትርፍ የለውም።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንሂድ። ልጃቸውን አሜሪካ የሚወልዱ ባለሀብቶች ይህ ሁሉ ችግር አይነካቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ በአገሪቱ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ ምክንያት ልጁ እዚያ ሲወለድ ዜጋ ይሆናል፤ ፓስፖርቱም ሳይቆይ ይገኛል። ወላጆች “ተገላገልን” ይላሉ። እንደ ዱባይ በየቀኑ የሚቆጠር ቅጣት የለም። ሆኖም እዚህም የሚሮጥ ቀን አለ፤ ዝም ብሎ ስለሚሮጥ አይታይም።

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። የአዋጁ አንቀጽ 20 እንደሚለው፣ ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ያንን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ዝምታ እንደ ፊርማ ነው። ስንት ወላጅ ነው ይህን የሚያውቀው? ስንት የ18 ዓመት ልጅስ ነው በዚያ ዕድሜው የሚያስበው?

“ቢጫ ካርድ አለ አይደል?” የሚል አይጠፋም። አለ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ካርዱን የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት ይኖረዋል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይነግዳል። ብዙ ነው። ግን ዜግነት አይደለም። ልዩነቱን የባንክ ባለአክሲዮኖች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ ባንክ በባንክና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ውስጥ አክሲዮን የነበራቸው የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን አክሲዮናቸውን እንዲለቁ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጉ ተሻሽሎ በሩ ተከፈተላቸው። በታህሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የባንኩን ዘርፍ ለውጭ ባንኮችም የሚከፍት አዋጅ አጸደቀ። ዛሬ የተከፈተው በር ትናንት ተዘግቶ ነበር። አክሲዮንና ሕንፃ ለልጁ አወርሳለሁ የሚል አባት፣ ልጁ በዚያን ጊዜ በየትኛው ወረቀት እንደሚቆም ከአሁኑ ሊያስብበት ይገባል።

ይህ ጸሐፊ አሜሪካ አትውለዱ ወይም የአሜሪካን ፓስፖርት መልሱ አይልም። ምርጫው የቤተሰቡ ነው። የሚለው፣ ምርጫው ተመርጦ ይሁን እንጂ ተረስቶ አይሁን ነው።

መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለው። የፓስፖርት ጥያቄ በየሚሲዮኑ በኩል አዲስ አበባ ወዳለው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ይመጣል፤ ተጣርቶ፣ ተዘጋጅቶ ይላካል። ኃላፊዎች ማጣራቱ ጊዜ የሚወስደው የእኛ ፓስፖርት በማይገባው ሰው እጅ እንዳይገባ ነው ቢሉ ትክክል ናቸው። ባዶ ጥንቃቄ አይደለም። ግን ማጣራት ሌላ፣ መቼ እንደሚያልቅ አለመናገር ሌላ ነው። ነጋዴ የዘገየ ዕቃን ይችላል፤ የማይችለው የመድረሻ ቀኑ የማይታወቅ ዕቃን ነው። እያንዳንዱ ሚሲዮን ለአራስ ልጅ ፓስፖርት የሚወስደውን ቀን ቁጥሩን ጽፎ በር ላይ ይለጥፍ። የልደት ምዝገባውና የፓስፖርት ጥያቄው በአንድ መስኮት፣ በአንድ ቀን ይቅረብ። የተቀባዩ አገር 60 ወይም 120 ቀን የሚል ከሆነ የእኛ ቀን ከዚያ በታች መሆን አለበት። ቢጫ ካርድ ለሕፃን ሲሰጥም የ18 ዓመቱ ምርጫ ለወላጅ በጽሑፍ ይነገር። ይህ አዲስ በጀት የሚጠይቅ አይደለም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ወላጆች ግን መንግሥትን እስኪጠብቁ ድረስ የሚያደርጉት አለ። ውጭ አገር ለመውለድ ያሰቡ ጥንዶች የጋብቻ ወረቀታቸውን ከመሄዳቸው በፊት ያስተርጉሙ፣ ያስረግጡ። የራሳቸው ፓስፖርት የሚያበቃበትን ቀን ይዩ። ልጁ በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት ጉዳዩን ይጀምሩ። ልጁ አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ 18 የሚሞላበትን ዓመት ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፋይል ያኑሩት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

አስመጪው ባለፈው ወር ሁለተኛ ልጅ እየጠበቁ እንደሆነ ነገሩኝ። የጋብቻው ወረቀት ማህተሙን ሁሉ ይዞ ደይራ ሱቅ ውስጥ ከደረሰኙ ደብተር ጋር ተቀምጧል። 44 ቁጥሩ ጫማ ግን አሁንም መጋዘን ውስጥ ነው፤ የሚፈልግ ካለ በቅናሽ ይሰጣሉ።