እስስት እንዴት ቤት ገባች?



በዚህ ሳምንት የምንመልሰው ጥያቄ የመጣው ከአንድ አርሶ አደር ነው። እኚህ ሰው ማንበብና መጻፍ የጀመሩት በቅርቡ ነው። ደብዳቤያቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው ልከውልናል። እንዲህ ይላል፦

«ልጄ ከተማ ደርሶ ሲመለስ አንድ ነገር ነገረኝ። በውጭ አገር ሰዎች እስስትን ቤታቸው አስቀምጠው ሲያበሏት በቴሌቪዥን አይቷል። እኔ ሳቅሁበት። ላም ለወተቷ ትያዛለች። ውሻ ቤት ይጠብቃል። ድመት አይጥ ትይዛለች። እስስት ምን ልትጠቅም ነው? ነገሩ እውነት ከሆነስ፣ ሰው እስስትን መውደድ የጀመረው እንዴት ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ልጁ ያየው እውነት ነው። ዛሬ በብዙ አገር እስስትን ለወተት ሳይሆን ለመውደድ ብቻ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። ነገሩ ግን በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ታሪኩ ረጅም ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ወሬ ነበር

እስስትን የማያውቅ የለም። አጥር ላይ እናያታለን፤ ቁጥቋጦ ላይ እናያታለን። አንድ እግሯን ታነሳለች፤ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ እግሯን ታስቀምጣለች። አንዱን ዓይኗን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ታዞራለች። ጣቶቿ እንደ አንጥረኛ ጉጠት ቅርንጫፉን ግጥም አድርገው ይይዛሉ። ቃሉ የማይጸና ሰው ሲያጋጥመን «እንደ እስስት ይለዋወጣል» እንላለን።

ይህች ፍጥረት የጥንት ሰዎችንም ታስገርም ነበር። ከ2300 ዓመት በፊት በግሪክ አገር አርስቶትል የሚባል ሊቅ ነበር። እስስትን በቅርብ ተመልክቶ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ጅራቷና ስለ ቀለሟ ጻፈ። ገላዋ ተሰንጥቆ ሲከፈት ምን እንደሚታይም ጻፈ።

ከእርሱ በኋላ ግን ወሬ ከማየት በለጠ። በሮም አገር ፕሊኒ የሚባል ጸሐፊ ነበር። የሞተው በ79 ዓ.ም. ነው። ይህ ሰው «እስስት አትበላም፣ አትጠጣም፤ የምትኖረው በአየር ብቻ ነው» የሚል ነገር በመጽሐፉ አሰፈረ።

እንዴ! በአየር ብቻ የሚኖር እንስሳ አለ እንዴ? የለም። ታዲያ ሰው እንዴት አመነ? ምክንያት አለው። እስስት ሳትበላ ብዙ ቀን መቆየት ትችላለች። አንዳንዴም አፏን ከፍታ ትቀመጣለች። ዝንብ ስትይዝ ደግሞ ምላሷ ከዓይን ጥቅሻ ይፈጥናል። ምላሷ ሲወረወር ከገላዋ ርዝመት ሊበልጥ ይችላል። ቢሆንም ወዲያው ተመልሶ አፏ ውስጥ ይገባል። ዝንቡ የት እንደደረሰ ሳይታይ ይቀራል። በችኮላ ያየ ሰው ምንም አልበላችም ይላል።

ፕሊኒ የጻፈውን ሌላው ገለበጠው። የተገለበጠውን ደግሞ ሌላው ገለበጠው። በዚህ ሁኔታ ከ1500 ዓመት በላይ አለፈ። መጽሐፍ የሚያነቡ ሰዎች ነበሩ። አጥር ላይ ያለችውን እስስት ሄዶ የሚያይ ግን ጥቂት ነበር።

አይተው የጻፉ ሰዎች

በ1646 ቶማስ ብራውን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ሰው ሳይመረምር ያመናቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ይመረምራል። ስለ እስስትም ጠየቀ። እስስት ጥርስ አላት፤ ጨጓራ አላት፤ አንጀት አላት። አየር ብቻ የምትበላ ከሆነ ይህ ሁሉ ለምን ተሰጣት? እኛ በራሳችን አባባል ብንናገረው፣ እህል የማይፈጭ ሰው ወፍጮ አይተክልም።

ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ አገር፣ በፓሪስ ከተማ፣ ክሎድ ፔሮ የሚባል ሐኪም እስስትን መረመረ። ስትሞትም ከፍቶ የውስጥ አካሏን ተመለከተ። ያየውን ጽፎ በ1669 አሳተመ።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ እስስት የሊቃውንት ጥያቄ ነበረች። የወደዳት ሰው ታሪክ የሚመጣው አሁን ነው።

በዚያው በፓሪስ ማድሌን ደ ስኩዴሪ የምትባል ስመ ጥር ደራሲ ትኖር ነበር። በ1672 ከግብፅ አገር፣ ከእስክንድርያ፣ እስስቶች ተላኩላት። ስኩዴሪ እስስቶቹን አልከፈተቻቸውም። ቤቷ አስቀመጠቻቸው። ተንከባከበቻቸው። ጠባያቸውን እየተከታተለች ተመለከተች። በ1688 ደግሞ «የሁለት እስስቶች ታሪክ» የሚል ጽሑፍ አሳተመች።

በዚያ ዘመን አንዳንድ ሊቃውንት «እንስሳ እንደ ሰዓት ነው፤ ይንቀሳቀሳል እንጂ ስሜት የለውም» ይሉ ነበር። ስኩዴሪ ይህን አልተቀበለችም። እንስሳ ስሜት እንዳለው ታምን ነበር። እስስትን ለመውደድ ብለው ቤታቸው ካኖሩትና ታሪኳን ከጻፉት የመጀመሪያ ሰዎች አንዷ እርሷ ናት።

አያችሁ? ሰው እስስትን መውደድ የጀመረው ጥቅም ፈልጎ አይደለም። ሲያያት ስለገረመችው ነው። ቁጭ ብሎ ሲያያት ደግሞ ወደዳት።

ፍቅር ያለ እውቀት

ነገር ግን ፍቅር ብቻውን አይበቃም። የማያውቁትን መውደድ ሊጎዳ ይችላል። ይህንንም በምሳሌ እናሳያችሁ።

በ1890ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አንድ እንግዳ ፋሽን ተነሳ። ሴቶችም ወንዶችም ሕያው «እስስት» በቀጭን ሰንሰለት አስረው ልብሳቸው ላይ እንደ ጌጥ ያንጠለጥሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያቺ እንስሳ እስስት አልነበረችም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የምትገኝ ትንሽ እንሽላሊት ነበረች። ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ስለምትለወጥ እስስት አሏት። በየትርኢቱ ቦታ ትሸጥ ነበር። ምግቧም ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ነው እየተባለ ይወራ ነበር።

ስኳር የምትልስ እንጂ ትል የምትበላ አልመሰለቻቸውም። ስለዚህ በረሃብ ታልቅ ነበር። የእንስሳት ጥበቃ ማኅበሮች ይህን ፋሽን አጥብቀው ተቃወሙ። ልብ በሉ፤ በፕሊኒ ጊዜ አየር ትበላለች ተባለ፤ በኋላ ደግሞ ስኳር ትበላለች ተባለ። ወሬው ስሙን ለወጠ እንጂ ያው ወሬ ነው።

ከዚያ በኋላ በአውሮፕላን መጓጓዝ ቀለለ። እውነተኛ እስስቶች ከአፍሪካ ተይዘው ወደ ሩቅ አገር መሸጥ ጀመሩ። ከኬንያ ባለ ሦስት ቀንድ እስስት ትላክ ነበር። በ1972 በሃዋይ ደሴቶች አንድ የእንስሳት ነጋዴ እንዲህ ያሉ እስስቶች ከኬንያ አስመጣ። በመንገድ ከስተውና ተጠምተው ደረሱ። እርሱም አዝኖ፣ እንዲያገግሙ ብሎ ጓሮው ውስጥ ለቀቃቸው። እስስቶቹ አገገሙ። ከጓሮውም ወጡ። ተዋለዱ። ሰዎችም ከደሴት ወደ ደሴት ወሰዷቸው። ዛሬ በዚያ አገር ሌላ ቦታ የማይገኙ ቀንድ አውጣዎችንና ነፍሳትን እየበሉ ችግር ሆነዋል። ሰውዬው ክፉ አላሰበም። ግን እንግዳ እንስሳ በአዲስ አገር ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን አላወቀም።

ቤት የገቡትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ቶሎ ይሞቱ ነበር። ለምን ይመስላችኋል?

አንደኛ፣ ውሃ። ሰው ውሃ በጻሕል ያቀርብላታል። እስስት ግን የቆመ ውሃን አታውቅም። የምትጠጣው ቅጠል ላይ ያለውን ጠል ነው። ስለዚህ ውሃ አጠገቧ ተቀምጦ በጥም ትሞታለች።

ሁለተኛ፣ ፀሐይ። ፀሐይ የማታይ እስስት አጥንቷ ይለሰልሳል፤ እግሯ ይጣመማል። ይህ ነገር ለእኛም ትምህርት አለው። ሕፃን ልጅም ፀሐይ ካላገኘ አጥንቱ ሊለሰልስ፣ እግሩ ሊጎብጥ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ብቸኝነት ትወዳለች። ሁለት ወንድ እስስቶች አንድ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጡ አይስማሙም። እጅ የሚያበዛባት ሰውም ያስጨንቃታል።

ይህንን ሰው የተማረው ብዙ እስስቶች ከሞቱ በኋላ ነው። ዛሬ በእውቀት የሚያኖሯት ሰዎች አየር የሚገባው የወንፊት ሽቦ ቤት ይሠሩላታል። ቅጠሉ ላይ ውሃ ያንጠባጥቡላታል። እንደ ፀሐይ የሚያገለግል ልዩ መብራት ያበሩላታል። ፌንጣ ይሰጧታል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ በሰው እጅ የምትራባ የየመን እስስት በብዙ አገር ተስፋፋች። በሰው እጅ የተፈለፈለች እስስት ስትገዛ ከዱር የምትያዘው ትቀንሳለች።

ሕግም ወጣ። ሳይተስ የሚባል የአገሮች ስምምነት አለ። የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድን ይቆጣጠራል። ብዙ የእስስት ዓይነቶች ከ1977 ጀምሮ በዚህ ስምምነት ውስጥ ናቸው። ከዓለም እስስቶች ግማሽ ያህሉ የሚገኙት በማዳጋስካር ነው። በ1995 ከጥቂት ዓይነቶች በቀር የማዳጋስካር እስስቶች ንግድ ታገደ። አገራችን ኢትዮጵያም በ1989 የስምምነቱ አባል ሆናለች።

ቀለሟስ?

ደብዳቤ ጸሐፊያችን ስለ ቀለሟ አልጠየቁም። ግን ሳንነግራችሁ አንለፍ። ብዙ ሰው እስስት የቆመችበትን ነገር ቀለም ትይዛለች ብሎ ያምናል። ቀይ ጨርቅ ላይ ብትቀመጥ ቀይ ትሆናለች ይባላል። ይህም ወሬ ነው። እስስት ቀለሟን የምትለውጠው ሲበርዳት፣ ሲሞቃት፣ ስትቆጣ፣ ስትፈራ ወይም ሌላ እስስት ስታይ ነው። በብርድ ጠዋት ጠቆር የምትለው ፀሐይን በደንብ ለመሞቅ ነው።

በ2015 በጄኔቫ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ገለጹ። በቆዳዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ። ክሪስታሎቹ ሲቀራረቡና ሲራራቁ የሚመልሱት ብርሃን ይለወጣል። ውሃ ላይ የፈሰሰ ነዳጅ በፀሐይ ልዩ ልዩ ቀለም ሲያወጣ አይታችሁ ይሆናል። ነዳጁ ውስጥ ቀለም አልተጨመረም፤ ቀለሙን ያመጣው ብርሃን ነው። የእስስትም ነገር ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

እንግዲህ «እንደ እስስት ይለዋወጣል» ስንል እስስትን ሳናማት አልቀረንም። እርሷ የምትለወጠው ለማታለል ሳይሆን የውስጧን ለመግለጽ ነው።

የእኛ እስስት

ውድ ጠያቂያችን፣ መልሳችን ይህ ነው። ሰው እስስትን የወደዳት ከልቡ ስላያት ነው። የጎዳት ደግሞ ሳያያት በወሬ ስለያዛት ነው።

በዓለም ላይ ከ200 በላይ የእስስት ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር ሌላ ቦታ አይገኙም። በባሌ የሐረና ደን ስም የተሰየመችም አለች። ፈረንጅ በሣጥን የሚያኖራትን እኛ አጥራችን ላይ በነጻ እናያታለን። ይዘን ቤት ማስገባት አያስፈልገንም። መርዝ የላትም፤ ልጆች በድንጋይ አይምቷት። ዝንብና ፌንጣ እየበላች የራሷን ሥራ ትሠራለች።

አንድ ነገር ግን እንለምናችሁ። እስስት ስታዩ ጥቂት ቁሙ። ዓይኗን እዩ። ምላሷን ጠብቁ። ጠዋት ምን ቀለም ነበራት? ቀትር ላይስ? ከዚያ ደብተራችሁን አውጡና ጻፉ። ፕሊኒ ታላቅ ጸሐፊ ነበር፤ ግን ሳያጣራ ጻፈ። ስለዚህ ሰዎች 1500 ዓመት ተሳሳቱ። ፊደል መቁጠር ማለት የተጻፈውን ሁሉ መቀበል ማለት አይደለም። የተጻፈውን ካዩት ጋር ማስተያየት ነው። ይህንን የእኛንም ጽሑፍ ቢሆን አጥሩ ላይ ካለችው እስስት ጋር አስተያዩት።

ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩ፦

1. ሰዎች እስስት አየር ትበላለች ብለው ያመኑት ለምንድን ነው?
2. ውሃ አጠገቧ እያለ እስስት በጥም የምትሞተው እንዴት ነው?
3. በሰፈራችሁ ሁሉም የሚያወራው፣ ግን ማንም ሄዶ ያላየው ነገር አለ? ምንድን ነው?

የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ጻፉልን። ደህና ሰንብቱ።