መስመሩ በእግር ነው የሚጠናው

ዘንድሮ ከተማሪዎቼ አንዱ በሞተር ሳይክል ወድቆ የግራ ክንዱ ተሰበረና ሦስት ሳምንት ከክፍል ቀረ። ልጠይቀው ባልባላ እቤታቸው ሄድኩ። እናቱ ቡና እየቀዱ፣ «መምህር፣ እባክዎ ያን ብረት እንዲጠላው አድርገው ይምከሩልኝ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ልጁን ግን የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነው፤ «ኩርባውን እንዴት ነው የገባህበት?»

በደህና እጁ ረከቦቱን ወደ ራሱ ሳበና ሲኒዎቹን ገፋ አድርጎ በጣቱ መስመር ሳለልኝ። ከኩርባው የውጭ ጠርዝ ጀመረ፤ መሐል ላይ የውስጡን ጠርዝ ነካ፤ ሲወጣ ደግሞ ተመልሶ ወደ ውጭው ጠርዝ ሄደ። «እነ ማርኬዝ እንደሚገቡት ነው የገባሁት፣ ቲቸር» አለኝ።

እውነቱን ነው። የሳለው መስመር ትክክል ነበር። ከእኔ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ይልቅ ስልኩ በደንብ አስተምሮታል። የጣለው ሲወጣ በውጭው ጠርዝ ላይ ያገኘው አሸዋ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ የረከቦት ላይ ሥዕል ነው። ልጆቻችን የውድድር መስመርን እየተማሩ ነው፤ እኛ ብንወድም ባንወድም። የሚማሩት ግን የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ አስፋልት እስኪነካ የተጋደመውን ሰው። ከዚያ በፊት ያለውን የሚያሳያቸው የለም። ትምህርት ቤታችን እሱን ያስተምር ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ መስመሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ እንይ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ቀመሩን ያውቁታል፤ በጠፍጣፋ መንገድ ላይ በኩርባ ውስጥ የሚቻለው የከፍተኛ ፍጥነት ካሬ፣ የሰበቃው መጠን በስበቱ በ9.8 እና በኩርባው ራዲየስ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ደረቅና ንጹሕ አስፋልት ላይ የሰበቃውን መጠን 0.8 እንበል። ራዲየሱ 25 ሜትር በሆነ መስመር የሚሄድ ሞተረኛ በሰከንድ 14 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ድረስ ሳይንሸራተት ያልፋል። ያው ሰው ከውጭ ገብቶ፣ ውስጡን ነክቶ፣ ወደ ውጭ ቢወጣ የሚሄድበት ቅስት ይሰፋል። ራዲየሱ 36 ሜትር ቢሆንለት በ60 ያልፋል። መንገዱ ያው ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር ግን በነጻ አገኘ። ተወዳዳሪዎች ለዚህች ልዩነት ዕድሜያቸውን ይሰጣሉ።

አሁን አሸዋ እንጨምርበት። ሰበቃው ወደ 0.3 ወረደ እንበል። ያው ሰፊ መስመር፣ ያው 36 ሜትር፤ የሚችለው ፍጥነት በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆነ። ልጁ ስልኩ ላይ ያየው የ60ውን መስመር ነው። የተቀመጠበት መንገድ ግን የ37 ነበር። እኛ ደግሞ የምንኖረው ጅቡቲ ነው፤ ካምሲን በነፈሰ ማግስት አሸዋው የት እንደሚከማች የቤት እመቤት ሁሉ ታውቃለች። የመኪና ጎማ መሐሉን ይጠርገዋል፤ ጠርዙ ላይ ይቀራል።

ይህ የእኛ መንገድ ብቻ ችግር አይደለም። ኳታር ውስጥ የሚገኘው የሉሳይል የሞተር መወዳደሪያ 5.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 16 ኩርባዎች አሉት፤ የተሠራው በረሃ ውስጥ ነው። አሸዋው እንዳይገባ ብለው ዙሪያውን ሰው ሠራሽ ሣር አነጠፉለት፤ ያም ሆኖ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጀመሪያው የሞቶ ጂፒ ውድድር እዚያ ሲካሄድ የጣሊያናዊው የቫለንቲኖ ሮሲ ቡድን የሚነሣባትን ቦታ በስኩተር ጎማ እያሸ አጸዳለት። የሌላው ጣሊያናዊ የማክስ ቢያጂም ሰዎች የእሱን ቦታ ጠረጉ። ዳኞቹ ሁለቱንም ከመጨረሻው ረድፍ እንዲነሡ ቀጧቸው። ሮሲ ብዙዎችን ካለፈ በኋላ ወድቆ ውድድሩን አቋረጠ። የዓለም ሻምፒዮን ለአንዲት ክንድ አሸዋ ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ የእኛ የ17 ዓመት ልጅ ለምን በጭፍን ይገባባታል?

ስልኩ የማያሳየው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ሞተራቸውን ከማስነሣታቸው በፊት ብዙዎቹ መወዳደሪያውን በእግራቸው ወይም በስኩተር ቀስ ብለው ይዞሩታል። አስፋልቱ የት እንደተጣፈ፣ ውሃ የት እንደሚተኛ፣ ኩርባው መጨረሻ ላይ ይጠብብ ይስፋ ያያሉ። የማን ደሴት ውድድር ከ1907 ጀምሮ ያለ ነው፤ አንዱ ዙር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ200 በላይ ኩርባዎች አሉት። እዚያ አዲስ የመጣ ተወዳዳሪ፣ ሌላ አገር የቱንም ያህል ዋንጫ ቢኖረው፣ መጀመሪያ መሪ ተከትሎ በተወሰነ ፍጥነት እንዲዞር ይደረጋል። ቀስ ብሎ ያላወቀውን በፍጥነት እንደማያውቀው እዚያ ሁሉም የተስማማበት ነው።

ሁለተኛው ነገር ፍሬን ነው። ጎማ ያለው የመያዝ አቅም እንደ ወር ደመወዝ ነው፤ ለቤት ኪራይ ያወጣኸውን ለአስቤዛ አታገኘውም። ለፍሬን ያወጣው ለመታጠፍ አይተርፈውም። ስለዚህ ጎበዝ ነጂ አብዛኛውን ፍሬኑን ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ይጨርስና ከዚያ ይታጠፋል። ጀማሪ ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ይደነግጣል፤ የደነገጠ እጅ ደግሞ ፍሬን ላይ ነው የሚያርፈው።

ሦስተኛው ዓይን ነው። እዚህ ላይ በራሴ ልመስክር። ሰሜን ሸዋ ሱፐርቫይዘር ሳለሁ የመሥሪያ ቤቱን ያማሃ እየነዳሁ ስሄድ አንዲት አህያ ከነጭነቷ መንገድ ዳር ቆማ አየሁ። «እንዳልገጫት» እያልኩ አተኩሬ ሳያት ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ እሷው ሄደ። አህያዋ ፈቀቅ አለች፤ እኔ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ሰው የሚሄደው ወደሚያየው ነው። ተወዳዳሪ ኩርባ ሲገባ የፊት ጎማውን አያይም፤ መውጫውን ነው የሚፈልገው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለመወዳደሪያ ሜዳ ነው። ከተማ ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ መወዳደሪያ ላይ ከፊት ለፊት የሚመጣ የለም። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ፣ ወደ ግራ በሚታጠፍ መንገድ ላይ የውስጡ ጠርዝ የሌላ ሰው መንገድ ነው። ጎማው ከመሐል መስመር ባያልፍ እንኳ፣ ወደ ግራ የተጋደመ ሞተረኛ ጭንቅላቱ መስመሩን አልፎ ይንጠለጠላል። ጭንቅላቱ ካለበት በኩል ደግሞ መኪና ይመጣል።

ከዚህም የባሰ አለ። ፒኬ 12 አካባቢ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ተሳቢ ሲታጠፍ አይቷል። የተሳቢው የኋላ ጎማዎች የፊቱ ጎማ የሄደበትን መንገድ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ። ያ የውስጥ ጠርዝ፣ ተወዳዳሪው «ልንካው» የሚለው ቦታ፣ ተሳቢው ሲዞር የሚጠርገው ቦታ ነው። ሾፌሩ በመስታወት የማያይበት ጊዜም አለ። ልጆቻችን ይህን ከማንም በፊት ሊያውቁት ይገባ ነበር፤ ከጋላፊ እስከ ወደቡ ያለውን ኩርባ በቃላቸው የሚያውቁ አባቶች እዚሁ ትምህርት ቤት ልጅ አላቸው። ቁልቁለት ሳይጀምር ማርሽ መቀነስ፣ መውጫው ሳይታይ አለመቸኮል፣ ለሚመጣው ቦታ መተው፤ ይህ የእነሱ የዕለት እንጀራ ነው። ከእነሱ አንዱን ክፍል ጠርተን «ንገሩን» ብለን አናውቅም። የአገራችን ጭነት አብዛኛው በእነሱ እጅ ያልፋል፤ እኛ ግን በወላጆች ስብሰባ ላይ የምናነሣላቸው የወር ክፍያ ብቻ ነው።

ሐሳቤን ለባልደረቦቼ ሳካፍል አንዷ መምህርት፣ «ልጆቹ በራሳቸው የሚያደርጉት አይበቃም? አንተ ደግሞ ልታሠለጥናቸው ነው?» አለችኝ። ስጋቷን አላጣጥለውም። ግማሹ እውነት ነው፤ ትንሽ ያወቀ ልጅ ከማያውቀው የበለጠ ይደፍራል። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ሞተር አይገባም እላለሁ። በእግርና በብስክሌት ነው የምንማረው። የቀረው ግማሽ ላይ ግን አልስማማም። የእኔ ተማሪ ማንም ሳያስተምረው ነው የወደቀው። «ሞተር አትንካ» የሚለውን ምክር ከአንድ መቶ ጊዜ በላይ ሰምቷል፤ «ጠርዙ ላይ አሸዋ አለ» የሚለውን አንድም ቀን አልሰማም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሙቀቱ በሚቀንስባቸው ወራት አራት ዓርብ ማለዳ ይፈቀድልን። ግቢው ላይ በገመድ ለክተን በጠመኔ አንድ ኩርባ እንሥላለን። ተማሪዎቹ መጀመሪያ በእግራቸው ይሄዱበታል፤ ከዚያ በብስክሌት ጠባቡንና ሰፊውን መስመር ይሞክራሉ፤ ሰዓት ይያዛል። ቀጥሎ ቀጥ ባለው ቦታ ላይ አሸዋ በትነን ፍሬን ከያዙ በኋላ ስንት ሜትር እንደሚሄዱ በሜትር እንለካለን፤ ውጤቱን በደብተራቸው ከቀመሩ ጋር ያስተያዩታል። በመጨረሻው ዓርብ አንድ አባት ተሳቢውን ከግቢው ውጭ ያቁምልን። ልጆቹ አንድ በአንድ የሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጡና ጓደኛቸው በቀኝ በኩል ከኋላ ጎማው አጠገብ ይቁም። በመስታወቱ ይታያቸው እንደሆነ ራሳቸው ይንገሩን።

ጠመኔና ገመዱ ከእኔ። ሁለት ብስክሌትና ሄልሜት የሚያውሰን ወላጅ እፈልጋለሁ፤ ተሳቢ ያለውም እንዲሁ። አሸዋውን የሚበትነውና መልሶ የሚጠርገው ልጅ ተገኝቷል፤ ጀሶው ባለፈው ሳምንት ተፈቶለታል።