‹‹ጥሩ ነው›› የሚለው መልስ አይበቃም

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ይህ ምሳሌ ጽሑፉን በስልክ አዘጋጅቶ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው ለሚያሰራጨው ወጣትም የሚስማማ ነው። ዛሬ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ ተማሪው በቴሌግራም የትምህርት ማስታወሻ ያካፍላል፤ በቲክቶክ አጭር ትርኢት ያሳያል። ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛም የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ በፌስቡክ ያወጣል። ትጋታቸው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ሥራው በአንባቢው ፊት ሳይፈተን የወጣ እንደ ሆነ ድካሙ ከንቱ ሊቀር ይችላል። የማዳበሪያ ማደያውን ቀን የሚናገር ማስታወቂያ በአንዲት ግራ የምታጋባ ቃል ምክንያት ቢሳት፣ ገበሬው አህያውን እየነዳ ሩቅ መንገድ መጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጉዳቱ የሚደርሰው በጸሐፊው ላይ ሳይሆን በገበሬው ላይ ነው።

ሳይሞክሩ አለመልቀቅ ለምዕራብ ሸዋ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. ለገበሬው የተለቀቀው ቢ.ኤች. 660 የተባለው ድቅል በቆሎ የባኮ ምርምር ማእከል ፍሬ ነው። አዲስ ዘር አስቀድሞ በትንሽ መደብ ላይ ይዘራል፤ ቀጥሎም በልዩ ልዩ ስፍራና በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ ይፈተናል፤ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ዘር እንዲህ የሚጣራ ከሆነ ቃልስ ስለ ምን ሳይጣራ ይበተናል?

በቃልም ቢሆን ምሳሌ አለን። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት በአማርኛ ‹‹የቀን ቅኝት››፣ በኦሮምኛ ‹‹ዲምቢባ›› የተባሉ ተከታታይ የራዲዮ ድራማዎችን ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. አሰምቷል። የድርጅቱ አሠራር የአድማጩን ኑሮ አስቀድሞ ማጥናት፣ የመጀመሪያዎቹንም ክፍሎች ለጥቂት ሰዎች አሰምቶ አስተያየታቸውን መቀበል ነው። ከአድማጮችም ከ15 ሺህ የሚበልጥ ደብዳቤ ደርሶታል። ከዚህም በላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ሁለቱ ድራማዎች አንዱ የሌላው ትርጉም ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው የተደረሱ መሆናቸው ነው። በአምቦ ገበያ እህል የሚሸመተው በኦሮምኛ ሆኖ ሳለ፣ በቢሮ አማርኛ የታሰበውን ቃል በቃል ገልብጦ ‹‹ሕዝቡ አላነበበልኝም›› ብሎ ማማረር ፍርድ ማጓደል ነው።

መቼም አስተያየት መጠየቅ ቀላል ይመስላል። ችግሩ ይሉኝታችን ነው። ወጣቱ ጽሑፉን ይዞ ወደ ባልንጀራው ይሄዳል፤ ‹‹እንዴት ነው?›› ይለዋል፤ ባልንጀራውም ‹‹ጥሩ ነው፣ በርታ!›› ይለዋል። የበታች ሠራተኛማ በአለቃው ጽሑፍ ላይ እንከን አለው ብሎ ለመናገር የሚደፍረው ከስንት አንድ ነው። እንዲህ ያለው መልስ ጨዋነት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ ‹‹ጥሩ ነው ወይ?›› ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ‹‹ምን ገባህ?›› ማለት ይበጃል። ለእናቶችም ‹‹እማማ፣ ይህን የሰሙትን ለጎረቤትዎ ቢነግሩ እንዴት አድርገው ይነግሩታል?›› ማለት ነው። ያን ጊዜ ይሉኝታ የሸፈነው ጉድለት በራሱ ጊዜ ይወጣል።

በአምቦ አካባቢ በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና በልጅነታቸው፣ በአምቦ ተማሪ ሳሉ፣ የጻፉት ተውኔት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታይቶላቸዋል። የተውኔት ደራሲ ዕድለኛ ነው፤ ተመልካቹ ሲስቅ፣ ሲተክዝና ሲያዛጋ በዓይኑ ያያል። በስልክ የሚጽፈው ግን የአንባቢውን ፊት ስለማያይ ላይክ መቁጠር ይጀምራል። ይህ ቁጥር አታላይ ነው። ሦስት ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች 48 የማይታወቁ ዘፈኖችን በኢንተርኔት እንዲሰሙ አደረጉ። ለአንዳንዶቹ ሌሎች ስንት ጊዜ እንደ ወሰዱት ቁጥሩ ታየ፤ ለሌሎቹ አልታየም። ቁጥሩን ያዩት ሰዎች ብዙው ወደ ሄደበት ተከትለው ሄዱ፤ በተለያየ ቡድንም የተለያየ ዘፈን አንደኛ ወጣ። እንግዲህ የላይክ ብዛት የሥራውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመንጋውንም አካሄድ የሚናገር መሆኑን እንወቅ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሥራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የኮምፒዩተር ገጾችን አጠቃቀም በማጥናት የታወቀው ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው አምስት ሰዎች ቢፈትኑት አብዛኛው ጉድለት ይገኛል። ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ አንድ ገበሬ፣ አንዲት ነጋዴ፣ አንድ ተማሪ፣ አንዲት የቤት እመቤትና አንድ ሽማግሌ ማግኘት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አምስቱንም ለየብቻ መጠየቅ ይገባል፤ አንድ ላይ የተጠየቁ እንደ ሆነ የመጀመሪያው የተናገረውን ሌሎቹ ይደግሙታል። ከዚያም እንደ ባኮ መደብ አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ እንደ ገና መፈተን ነው። አርእስቱ፣ ርዝመቱና ሥዕሉ በአንድ ጊዜ ቢለወጡ ሥራውን ያሻሻለው የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም።

አንዳንዶች ‹‹እንዲህ ከሆነ ጸሐፊው የሰሚው ባሪያ ይሆናል›› ይሉ ይሆናል። አይደለም። ከሰሚው የምንማረው እውነቱን እንዴት እንደምንነግረው ነው፤ እውነቱ ራሱ ሰሚው ስላልወደደው አይለወጥም። የማዳበሪያው ዋጋ ጨምሮ እንደ ሆነ መጨመሩን መናገር ግዴታ ነው፤ ከአምስቱ ሰዎች የምንጠይቀው ነገሩ በግልጽ መሰማቱን ብቻ ነው።

ወጣት ጸሐፊዎችና ሠራተኞች ሆይ፣ የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ወይም ትርኢት ከመልቀቃችሁ በፊት ወደ ገበያው ውረዱ፤ አምስት ሰው ጠይቁ፤ የሚያሙአችሁንም መልስ ጽፋችሁ ያዙ። ‹‹አልገባኝም›› ያላችሁ ገበሬ ‹‹በርታ›› ካላችሁ ባልንጀራ ይልቅ ውለታ ውሎላችኋል።