ባትሪው ነው ወይስ እኛ?

"መብራት ጠፋ፣ ላፕቶፔም ዘጋ።" ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉታ የምንመላለስ ተማሪዎች ለመምህራን የምናቀርባት ምክንያት ይቺ ናት። እኔም ባለፈው ወር ዜናዬን ሳልጨርስ ስክሪኑ ጨለመብኝና የማስረከቢያው ሰዓት አለፈ። በመብራት ላሳብብ ብል ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። ብርሃኑን እስከ ጥግ ከፍቼ ከኢንተርኔት ዘፈን እያዳመጥኩ ነበራ!

ሂሳቡ ቀላል ነው። 45 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 15 ዋት ስንወስድበት 3 ሰዓት፣ 9 ዋት ስንወስድበት ደግሞ 5 ሰዓት ያገለግላል። ከትልልቆቹ በላተኞች አንዱ የስክሪን ብርሃን ነው። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ አድርጎ መሥራት አየር መውጫውን ያፍናል፣ የባትሪውንም ዕድሜ ያሳጥራል። ሁልጊዜ 100 ፐርሰንት ሞልቶ ማቆየትም እንዲሁ።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የሰፈራችን ሽቦ ሲበጠስ ግን ግድቡ ምን ያድርግ? ስለዚህ ባትሪ ግዙልን ከማለታችን በፊት፣ መብራቱም ሳይጠፋ፣ ብርሃኑን ግማሽ እናድርገው። ነገ የምንሠራበት ጋዜጣ "ባትሪ ዘጋብኝ" የሚል ዜና አያትምም።