ላብ የለንም አትበሉኝ፤ የሞተ ካልኩሌተር አለን



መምህራን በተገናኘን ቁጥር የምትነሳ ጥያቄ አለች፤ «ያለ ላብ ፊዚክስ እንዴት ይሰጣል?» በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ አንረሳም። ላብ ያስፈልጋል፣ በዚህ አልከራከርም። እስኪመጣ ድረስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥን ግን አልቀበልም። ማስረጃዬ ባትሪው ያለቀ፣ ጥግ ላይ የተጣለ ካልኩሌተር ነው።

ስክሪኑ ውስጥ ያለው ነገር ፈሳሽ ክሪስታል ይባላል። በረዶ ሲሞቅ ውሃ ይሆናል፣ አለቀ። ይሄኛው ግን በጠጣርና በፈሳሽ መሃል ሌላ ጠባይ አለው። የጥምቀት ዕለት ታቦት አጅቦ የሚሄደውን ሕዝብ አስቡት። ማንም ቦታው ላይ አይቆምም፣ ይገፋፋል፣ ይቀያየራል፤ ፊቱ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ረዘም ረዘም ያሉት ሞለኪውሎችም እንዲሁ ናቸው፤ እንደ ፈሳሽ እየተንሸራተቱ አቅጣጫቸውን በግርድፉ ይጠብቃሉ። ሙቀት ሲጨምር ሥርዓታቸው ይላላል። አንድ ወሰን ሲያልፍ ደግሞ ጭራሽ ይፈርስና ሁሉም በየፊናው ይዞራል።

ይሄ ከብርሃን ጋር ምን አገናኘው? ስክሪኑ ከፊትና ከኋላ የብርሃን ማጣሪያ አለው። አንዱ በአግድም የሚነዝረውን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል፣ ሌላው በቁም የሚነዝረውን። ብቻቸውን ቢሆኑ ምንም አያልፍም ነበር። በመሃል ያሉት ሞለኪውሎች ግን እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተደርድረው ንዝረቱን 90 ዲግሪ ስለሚያዞሩት ብርሃኑ ያልፋል። ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ማዞሩ ይቀራል፤ ቁጥሩ ጠቁሮ የሚታየን ለዚህ ነው። ሙቀት ሥርዓቱን ሲያፈርሰውስ? መላው ስክሪን ይጠቁራል።

ሞክሩት። ስክሪኑን ከሞተው ካልኩሌተር በጥንቃቄ አውጡ (የተሰነጠቀ ከሆነ ተዉት) እና አሁን የፈላ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ላይ አስጠጉት። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለብዙዎቹ ስክሪኖች ግን ይበቃል። ሲጠቁር ታያላችሁ። ሲበርድ ደግሞ እንደነበረ ይመለሳል። ባትሪ የለ፣ ላብ የለ።

ብርዱም ያስተምራል። ጉና ሥር በውርጭ ጠዋት የቆየ ስልክ ወይም ዲጂታል ሰዓት ከፍታችሁ ቁጥሩ እየተጎተተ ሲቀየር አይታችሁ ይሆናል። ማር በብርድ እንደሚወፍረው ፈሳሹ ወፍሮ ሞለኪውሎቹ ቶሎ መዞር ስላቃታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ግሬይና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ሀል ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ዝነኛ ውህድ እንኳ ሥርዓቱን የሚጠብቀው ከ24 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ለደብረ ታቦር ጠዋት አይሆንም! ለዚህ ነው አምራቾች በርካታ ውህዶችን ቀላቅለው የሚሠሩት።

ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለው ማን ይመስላችኋል? የፊዚክስ ሊቅ አይደለም፤ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ፕራግ ላይ ከኮሌስትሮል የተሠራ ነገር ሲያሞቅ በ145.5 ዲግሪ ቀልጦ ደፈረሰ፤ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ጠራ። ሁለት ጊዜ የሚቀልጥ የሚመስል ነገር! «ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ አላለፈውም፤ ጠየቀ። እኛ በክፍላችን የጎደለን ከመሣሪያው በፊት ይሄ ልማድ ነው እላለሁ።

ሙከራ ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሴባስቶፖል የተቀለጠው እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ ነው፤ መድፍ መሥራት ሙያቸው ባልነበረ ሰዎች እጅ፣ እየተሞከረ።

በጦርነቱ ምክንያት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ቤት ውለዋል። አንድ ስክሪንና አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ የጠፋውን ዓመት አይመልስም፣ አውቃለሁ። ግን ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ በሕይወት ያቆይለታል። ጥያቄው ከሞተ በኋላ የሚመጣ ላብ ደግሞ የተቆለፈ ክፍል ነው የሚሆነው።

እናንተ ዛሬ መምህር፣ ነርስ፣ ኢንጂነር የሆናችሁ ልጆቼ፤ ሰፈራችሁ ላለ አንድ ልጅ አሳዩት። ፈላውን ውሃ ግን እናንተው ያዙለት። ያየውን እዚህ ጻፉልኝ።