ጓንቱም በበጀት ይያዝ

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ያየሁት ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። አንዲት የማስተርስ ተማሪ የአፈር ናሙናዎቿን በናይትሪክ አሲድ ታፈላለች። ከቢከሩ ቡናማ ጭስ ይትጎለጎላል። ጭሱን ስቦ ማውጣት የነበረበት ፊውም ሁድ አጠገቧ ቆሟል፤ ማራገቢያው ከተቃጠለ ቆይቷልና የባዶ ጠርሙስና የካርቶን ማስቀመጫ ሆኗል። ስለዚህ መስኮት ከፍታ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ነው የምትሠራው። አንዴ ተደርጎ የሚጣለው ጓንት ታጥቦ ቧንቧው ላይ ተሰቅሏል። ሌላ የለማ!

ያ ጭስ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው። ክፋቱ ወዲያው አለመጣሉ ነው። ሰው ትንሽ ያስልና «ደህና ነኝ» ብሎ ቤቱ ይገባል፤ ሳንባው ውኃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ነው። ለተማሪዋ ይህን የነገራት አልነበረም።

ምርምር ይደገፍ ሲባል ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን ገንዘብ፣ መሣሪያ፣ ኅትመትና የውጭ አገር ጉዞ ነው። ተመራማሪው በጤና ቤቱ መግባቱ ካልተካተተበት ግን ያ ድጋፍ ጎዶሎ ነው።

ችግሩ የድህነት ብቻ የሚመስለው ካለ፣ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ይመልከት። ሼህርባኖ ሳንጂ 23 ዓመቷ ነበር፤ በኬሚስትሪ ላብራቶሪ ረዳት ተመራማሪ ሆና ከተቀጠረች ጥቂት ወራት ብቻ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2008፣ ግቢው በበዓል ዕረፍት ጭር ባለበት ሰሞን፣ አየር ሲነካው በራሱ የሚቀጣጠለውን ተርት-ቡቲል ሊቲየም በፕላስቲክ ሲሪንጅ ከጠርሙስ ትስብ ነበር። የሲሪንጁ መግፊያ ተነቅሎ ወጣ፤ ፈሳሹ ተረጨና ነደደ። ጓንት አድርጋለች፣ ጋዋን ግን አልለበሰችም። ሹራቧ ተያያዘ። ከ18 ቀን በኋላ ሞተች።

ታሪኩን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ጋዋኗን ለምን አልለበሰችም?» ነው። ይህ ጥያቄ ያናድደኛል። ከአደጋው ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ የዩኒቨርሲቲው የራሱ ተቆጣጣሪዎች ያንኑ ላብራቶሪ ጎብኝተው ሰዎቹ ጋዋን እንደማይለብሱ ጽፈው ነበር። ወረቀቱ ተጻፈ፣ ሥራው እንደነበረው ቀጠለ። የግዛቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለሳንጂ ሥልጠና ስለመሰጠቱ ማስረጃ በማጣቱና በሌሎችም ጥፋቶች ዩኒቨርሲቲውን 31,875 ዶላር ቀጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻም ዐቃቤ ሕግ የዩኒቨርሲቲውን አስተዳደርና ላብራቶሪውን የሚመሩትን ፕሮፌሰር በወንጀል ከሰሰ። ክሱ ፍርድ ሳይሰጥበት በስምምነት ተቋጨ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። ያ ሁሉ ምርመራና ክስ የተንቀሳቀሰው ሳንጂ የደመወዝ ሠራተኛ ስለነበረች ነው። የእኛ ላብራቶሪዎች ግን በአብዛኛው የሚንቀሳቀሱት በድህረ ምረቃ ተማሪ ጉልበት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛው ስለሚገጥመው አደጋ እንዲያሳውቅ ያዛል። የመንግሥት ሠራተኛውም የራሱ አዋጅ አለው። ያቺ ጭስ የምትታጠነው የማስተርስ ተማሪ ግን የሥራ ውል የላትም፤ ከሁለቱም ውጭ ናት። አማካሪዋ የሚያየው ውጤቷን፣ ትምህርት ክፍሉ የሚያየው የምትመረቅበትን ጊዜ ነው። ሳንባዋን የሚያይላት ማን ነው?

«ተማሪው ራሱ ይጠንቀቅ» የሚለው መልስ አያዋጣም። የዳርትመዝ ኮሌጇ ፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን በመርዛማ ብረቶች ምርምር የታወቁ፣ ጥንቁቅ ሴት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1996 በፊውም ሁድ ውስጥ፣ ጓንት አድርገው ሲሠሩ ጥቂት የዳይሜቲል ሜርኩሪ ጠብታ የላቴክስ ጓንታቸው ላይ ወደቀ። በዓመቱ ጁን ላይ ሞቱ። በኋላ ሲፈተሽ ፈሳሹ ያንን ጓንት ዘልቆ ለማለፍ 15 ሰከንድ እንኳ እንደማያስፈልገው ታወቀ። ጓንት ሁሉ አንድ አይደለም። ለየትኛው ኬሚካል የትኛው እንደሚሆን አጥንቶ መግዛት የተቋም ሥራ ነው፤ የ25 ዓመት ተማሪ ከኪሷ የምትወጣው ዕዳ አይደለም።

የውጭ ምንዛሪ እጥረቱን አውቃለሁ። አዲስ ፊውም ሁድ ውድ ነው። የተቃጠለ ማራገቢያ ግን እዚሁ ይጠገናል፤ ያ ላብራቶሪ የጎደለው ጥገናውን ጠይቆ የሚከታተል ሰው ነበር። ማታ ብቻውን አሲድ የሚያፈላ ተማሪ እንዳይኖር መከልከል ደግሞ ሳንቲም አይጠይቅም። የላብራቶሪ ቴክኒሻኑም የቁልፍ ጠባቂ ተደርጎ መታየቱ ይቅር፤ የትኛው ጠርሙስ ምን እንደሚያደርግ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። አደጋ ሲያይ ሥራ የማስቆም ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጠው፤ የፕሮፌሰር ሥራ ቢሆንም።

የድህረ ምረቃ ኮሚቴዎች ፕሮፖዛል ሲያጸድቁ ለሪኤጀንት ስንት፣ ለጉዞ ስንት ብለው ይጠይቃሉ። ለጓንት፣ ለመነጽር፣ ለኬሚካል ቆሻሻ ማስወገጃ ስንት ብለውም ይጠይቁ፤ መልስ የሌለው ፕሮፖዛል ይመለስ። አማካሪው ተማሪው መሠልጠኑን ፈርሞ ያረጋግጥ። ዩኒቨርሲቲውም ላብራቶሪ ለሚገባው ተማሪ ሁሉ የአደጋ መድን ይግባለት፤ ይህንን ሴኔቱ በመጪው ዓመት መጀመሪያ፣ ተማሪዎች ናሙና ይዘው ከመግባታቸው በፊት ሊወስን ይችላል።