አረንጓዴው ስክሪንና «ሲስተም የለም»

ባንክ ቅርንጫፍ ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ፋይበር ይቆረጣል፣ መብራት ይጠፋል፤ በዚህ ማንም አይወቀስም። የሚያስወቅሰው፣ ኔትወርኩን እንዲቆጣጠር ደመወዝ የሚከፈለው ክፍል መስመሩ መቋረጡን የሚሰማው ከቅርንጫፉ በሚደወል ስልክ መሆኑ ነው። ለሕክምና ገንዘብ ሊያወጣ የመጣው ሰው በር ላይ ቆሞ ያውቃል፣ ጥበቃው ያውቃል፣ ማዕከሉ ግን አያውቅም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቁ ስክሪን አረንጓዴ ነዋ!

ለምን አረንጓዴ ሆነ? መሣሪያ ጠፍቶ አይደለም። ራውተሩም የቁጥጥር ሶፍትዌሩም ከካርቶን እንደወጡ፣ ማንም ሳይነካቸው ስለተተዉ ነው። ሶፍትዌሩ በየ5 ደቂቃው «አለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፖሊንግ የሚባለው ይህ ነው። ልክ «አለሁ» ካለ በኋላ ተቋርጦ በ4 ደቂቃ የተመለሰ መስመር በዚህ ስሌት አልተቋረጠም። 99.9 በመቶ ቃል የተገባበት አገልግሎት በወር የሚፈቀድለት መቋረጥ 43 ደቂቃ ገደማ ነው። እንዲህ ያለው የ4 ደቂቃ መቋረጥ 11 ጊዜ ቢደጋገም ውሉ ፈርሷል፤ ለአለቃ የሚቀርበው ሪፖርት ግን 100 በመቶ ሊል ይችላል።

«ለዚያማ ትራፕ አለ» ይባላል። እውነት ነው፣ ትራፕ መሣሪያው ሳይጠየቅ ራሱ የሚልከው መልእክት ነው። ነገር ግን በዩዲፒ ስለሚሄድ ደረሰ አልደረሰ ላኪው አያውቅም። የባሰው ደግሞ መልእክቱ የሚወጣው በዚያው በተቋረጠው መስመር መሆኑ ነው። ሁለተኛ መንገድ ያልተበጀለት ራውተር በየት አድርጎ ይናገር? ኢንፎርም የሚባለው፣ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ካላለ ደግሞ የሚልከው ዓይነት፣ ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ በኤስኤንኤምፒ ሁለተኛ እትም ውስጥ አለ። የሚጠይቀው ጥቂት መስመር ትእዛዝ መጻፍ ነው።

ግራፎቹማ ሌላ ጉድ ናቸው። 32 ቢት ቆጣሪ በሞላ የ1 ጊጋቢት መስመር ላይ በ34 ሰከንድ ገደማ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። በየ5 ደቂቃው የሚያነበው ሶፍትዌር ስንት ዙር እንዳለፈው በምን ይወቅ? የተጨናነቀው መስመር ባዶ መስሎ ይሳላል። ከዚያ ስብሰባ ላይ «ባንድዊድዝ መጨመር አያስፈልግም» ተብሎ ይወሰናል። 64 ቢቱ ቆጣሪ እዚያው መሣሪያ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚነበበው ግን የመጀመሪያውን እትም ለተወ ሰው ብቻ ነው።

«ቶሎ ቶሎ ከተጠየቀ ሲፒዩው ይጨናነቃል» የሚለው መከራከሪያ ግማሽ እውነት አለው። ሁሉንም ፖርት በየ10 ሰከንዱ መጠየቅ እብደት ነው። ግን ሁሉንም ያለ ማን አለ? ቅርንጫፉን ከማዕከል የሚያገናኘው ፖርት በየደቂቃው ይጠየቅ፤ ሙቀቱ በየ5 ደቂቃው ይበቃዋል፤ ኬብል ያልተሰካበት ፖርት ጭራሽ አይጠየቅ። ይህን ለመለየት ቁጭ ብሎ የመሣሪያውን ዝርዝር ማየት ነው፤ የሚጠላውም እሱ ነው።

ተቋራጩ ሲያስረክብ ፒንግ መለሰ ተብሎ ይፈረማል። ኬብሉን ነቅሎ፣ ማስጠንቀቂያው በስንት ሰከንድ ማዕከል እንደደረሰ የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ ይጨመር። ያ ቦታ ባዶ ከሆነ የመጨረሻው ክፍያ ይቆይ።